መንጃ ፈቃዱ የሹፌሩ፣ ፍሬኑ የግዛቱ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተማክረው የመጡ ይመስላሉ። አምስቱም ስለ ተሳቢ ናቸው። ጅቡቲ ደርሶ የሚመለሰው፣ ሐረጎን ሲወርድ ፍሬኑ የሚሸተው ትልቁ ተሳቢ አይደለም። አብዛኞቹ የጠየቁኝ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ከቤት መኪናቸው ኋላ አንጠልጥለው ዕቃ ስለሚያመላልሱበት ትንሹ ነው። ለአዲስ አንባቢ ልንገር፦ ደሴ ተወልጄ፣ ቨርጂኒያ ዓመታት ኖሬ፣ ተመልሼ ደሴ የገባሁ ሰው ነኝ። እዚያ እያለሁ የሐበሻ ቤት ዕቃ ስንቴ እንደጎተትኩ አልቆጥረውም። ቅዳሜ ሲደርስ «ያንተ መኪና መጎተቻ አላት አይደል?» የሚል ስልክ አይጠፋም ነበር። ስለዚህ የዚህ ወር መልስ ግማሹ ከሕጉ ነው፣ ግማሹ ከወገቤ።

ጥያቄ፦ «ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ሥራ አግኝቶ ወደ ሚኒሶታ ሊዛወር ነው። ዕቃውን በትንሽ የኪራይ ተሳቢ ጭኖ በራሱ መኪና እየጎተተ እንደሚሄድ ነገረን። እኛ እዚህ የምናውቀው ተሳቢ የሚነዳ ሰው ከባድ መንጃ ፈቃድ እንዳለው ነው፤ እሱ ያለው የቤት መኪና ብቻ ነው። ደግሞ ብዙ ስቴት ያቋርጣል አሉ። በየድንበሩ ፈቃድ ይጠይቁታል ወይ? እናታችን ‹አስረው ይመልሱታል› ብላ እንቅልፍ አጥታለች። መልሱን ስለማነብላት ቀለል አድርገህ ጻፈው።»
እህቱ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ መጀመሪያ ለእናታችን። እማማ፣ አብሽሩ፣ ይተኙ። ማንም አያስረውም፣ ማንም አይመልሰውም።

አሁን ላንቺ። ከቨርጂኒያ ተነስቶ ሚኒሶታ ለመግባት ሜሪላንድን፣ ፔንሲልቬኒያን፣ ኦሃዮን፣ ኢንዲያናን፣ ኢሊኖይንና ዊስኮንሲንን ያቋርጣል። ወደ 1,100 ማይል ነው፣ በኛ ከ1,700 ኪሎ ሜትር በላይ። ድንበር ሲባል ግን ገመድ የተዘረጋበት ኬላ እንዳይመስልሽ። «እንኳን ወደ ኦሃዮ በደህና መጡ» የሚል ሰሌዳ ነው ያለው። ትንሽ ካንቀላፋሽ ሳታዪው ታልፊዋለሽ። የቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድ በሁሉም ግዛት ይሠራል፤ የአማራ ክልል መንጃ ፈቃድ ባቲን አልፎ አፋር ሲገባ እንደሚሠራው ማለት ነው። የመኪናው ሰሌዳም እንደዚያው።

ወደ ከባዱ ፈቃድ ስንመጣ፣ እዚያ ነገሩን የሚወስነው ተሳቢ መኖሩ ሳይሆን ክብደቱ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ሁለት ቁጥር አለው። አንዱ 26,001 ፓውንድ ነው፣ ወደ 118 ኩንታል። ይኼ የጎታቹና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ ነው። ሁለተኛው 10,000 ፓውንድ ነው፣ 45 ኩንታል ገደማ። ይኼ የተሳቢው ለብቻው ነው። ድምሩ 26,001 ከደረሰ፣ ተሳቢውም ለብቻው ከ10,000 ካለፈ ያኔ ነው ሲዲኤል የሚባለው የንግድ መንጃ ፈቃድ፣ ያውም ከፍተኛው፣ የሚጠየቀው። ወንድምሽ እዚያ አይደርስም። ዩሆል የሚባለው ድርጅት የሚያከራየው ትልቁ ዝግ ተሳቢ፣ ስድስት በአሥራ ሁለት ጫማ የሚባለው፣ ከነዕቃው ከ4,400 ፓውንድ ማለፍ የለበትም፤ ሃያ ኩንታል በይው። አምስት በስምንቱ ደግሞ 2,700 ነው። ለዚህ የቤት መኪና ፈቃዱ ይበቃዋል።

ታዲያ ከግዛት ግዛት የሚለየው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መንጃ ፈቃዱንና ሰሌዳውን ከቤትሽ ይዘሽ ትሄጃለሽ። የፍሬኑ፣ የፍጥነቱ፣ የትኛው መንገድ ላይ መግባት እንደሚቻል የሚወስነው ግን የረገጥሽው መሬት ሕግ ነው። «እኔ የቨርጂኒያ ሰው ነኝ» ብሎ የኦሃዮን ፍጥነት መጣስ የለም። ተሳቢው ስንት ሲመዝን የራሱ ፍሬን ሊኖረው እንደሚገባ እንኳ ይለያያል። ብዙ ግዛቶች 3,000 ፓውንድ ይላሉ። ቴክሳስ እስከ 4,500 ትታገሳለች። ካሊፎርኒያ ከ1,500 ትጀምራለች፤ ሰባት ኩንታል እንኳ አይሞላም። ካሊፎርኒያ ሌላም አመል አላት፦ መንገዱ ለሌላው ሰው 70 ማይል ቢፈቅድም ተሳቢ የጎተተ ከ55 ማይል አያልፍም። ወንድምሽ በዚያ አያልፍም፤ ሎስ አንጀለስ ዘመድ ያለው አንባቢ እንዳለ ስለማውቅ ነው። ኒው ዮርክ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ንገሩት፦ ፓርክዌይ የሚባሉት መንገዶች ላይ ተሳቢ ይዞ አይገባም። ካርታ ዝም ብሎ ይመራሃል፣ ትራፊኩ ግን ዝም አይልህም።

አንድ የገንዘብ ነገር አለ። እዚያ የክፍያ መንገዶች ላይ ሂሳቡ አብዛኛውን ጊዜ በአክስል፣ ጎማ በተሸከመው ዘንግ ብዛት፣ ነው የሚቆጠረው። ተሳቢው አንድ ወይም ሁለት አክስል ይጨምራል። ስለዚህ መኪናዋ ብቻዋን ብትሄድ ከምትከፍለው በላይ ይጠየቃል፣ አይደንግጥ።

እውነቱን ለመናገር ወንድምሽን በተመለከተ ሕጉ ብዙም አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ አጫጫኑ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

አንድ ክረምት የጓደኛዬን ዕቃ ጭነን ከአሌክሳንድሪያ ወደ ቴነሲ እየሄድን ነበር፣ በኢንተርስቴት 81። ያጫጫን ዘዴያችን «ቀድሞ የወጣ ቀድሞ ይግባ» ነበር። ፍራሹ፣ ትራሱ፣ የስኒው ካርቶን ወደፊት ገባ። ፍሪጁ፣ የጤፉ ከረጢቶችና የኤሌክትሪክ ምጣዱ መጨረሻ መጡና በሩ ሥር ተቀመጡ። ሜዳው ላይ ምንም የለም። አንድ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ መጀመሪያ ንፋስ የገፋን መሰለኝ። ከዚያ በግራ መስታወት ተሳቢውን አየሁት። ወዲያው በቀኝ መስታወት አየሁት። እንደገና በግራ። በእያንዳንዱ ዙር ውዝዋዜው እየሰፋ፣ የመኪናዋን ቂጥ ይዞ እየወዘወዘ፣ ጓደኛዬ አጠገቤ ግማሹን ዱዓ ግማሹን እርግማን እያደረገ። እግሬ ፍሬን ላይ ሊዘል ምንም አልቀረውም፤ ብዘል ኖሮ ተሳቢው ከኋላ ገፍቶ ያጥፈን ነበር። ያዳነኝ ዕውቀት አይደለም፣ ድንጋጤ ነው፤ ደርቄ ቀረሁ። ነዳጁን ለቀቅኩ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ውዝዋዜውም ሞተ። ማረፊያ ቦታ አቁመን፣ በዚያ ብርድ ሙሉውን አራግፈን ከፍሪጁ ጀምረን ጫንን።

ስለዚህ ለወንድምሽ፦ ከክብደቱ 60 በመቶው ከተሳቢው ግማሽ ወደፊት፣ መኪናው በኩል ይሁን። መጎተቻው ላይ የሚያርፈው ሸክም ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ነው ጭራው የሚረጋው። በጣም ከበዛ ደግሞ የመኪናዋ አፍንጫ ሽቅብ ይነሳል፣ የፊት ጎማዎቹ መሬት መያዝ ያቅታቸዋል። ከ55 ማይል በላይ አይንዳ፤ አከራዮቹም የሚሉት ይኼንኑ ነው።

ከመነሳቱ በፊት አምስት ደቂቃ ወስዶ ከኋላ ይንበርከክ። የመጎተቻው ኳስ ልኩ የሚለያይ ነው፦ ከሁለት ኢንች ትንሽ የሚያንስ አለ፣ ሁለት ኢንች አለ፣ ከሁለት ትንሽ የሚበልጥ አለ። ለሁለት ኢንች የተሠራው መያዣ በትንሹ ኳስ ላይም ቀጭ ብሎ ይዘጋል። የገጠመ ይመስላል። መጀመሪያ ጉድጓድ ላይ ግን ዘሎ ይወጣል። ልኩ ኳሱ አናት ላይ ተጽፏል፣ ያንብበው። ሁለቱን ሰንሰለቶች ከመጎተቻው ሥር አጣምሮ ያስራቸው፣ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ። ድንገት ከኳሱ ቢወጣ አፍንጫው አስፋልት ላይ ከመተከል ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል። ከዚያ መብራት፦ ፍሬን፣ ግራ ፍሬቻ፣ ቀኝ ፍሬቻ። አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ይይለት። ከሁሉ በፊት ግን የመኪናውን መጽሐፍ ይክፈት። ስንት ፓውንድ እንደምትጎትት ተጽፏል፤ አንዳንድ ትንንሽ መኪኖች ላይ «ጨርሶ አትጎትት» ነው የሚለው። ያን ጊዜ ክርክር የለም።

ሚኒሶታ ከገባና ኗሪ ከሆነ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ መንጃ ፈቃዱንም የመኪናውን ምዝገባም ወደ ሚኒሶታ ያዛውር። ይኼን ነው ሰው የሚረሳው። እማማ ደግሞ «ደክሞት ከኋላ ተሳቢው ውስጥ ጋደም ቢልስ?» ካሉ፣ አይቻልም፤ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ሰው አይሳፈርም። ሞቴል ያድር።

ጥያቄ፦ «ልጄ የላከልኝ ፎቶ ላይ መኪናው የሜሪላንድ ሰሌዳ አለው፣ የጎተተው ተሳቢ ግን የአሪዞና። በካርታ አየሁት፣ አሪዞና ወዲያኛው ጫፍ ነው። ሄዶም አያውቅ። የተሰረቀ ነገር ተሸክሞ እንዳይሆን።»
አባት፣ ከደሴ ፒያሳ

መልስ፦ ጋሼ፣ አይደለም። ዩሆል ዋና መሥሪያ ቤቱ ፊኒክስ፣ አሪዞና ነው፤ እዚያ የተመዘገቡ ተሳቢዎች አሉት። ሰሌዳው በሁሉም ግዛት ያስኬዳል። የሚከራይ ሰው የራሱን ሰሌዳ አይለጥፍበትም። የሜይን ሰሌዳ ያለው ተሳቢ በየቦታው ቢያዩም አይግረምዎ፤ ሜይን ተሳቢን ለብዙ ዓመት በአንድ ጊዜ ስለምትመዘግብ ድርጅቶች ይወዷታል። ልጅዎ የራሱን ተሳቢ ከገዛ ግን የሚኖርበት ሜሪላንድ ማስመዝገብ አለበት። በነገራችን ላይ ካርታ አውጥተው ማየትዎን ወድጄዋለሁ።

ጥያቄ፦ «የአጎቴ ልጅ ዳላስ ነው ያለው። ትልቅ ፒካፕ ገዝቷል፤ አሁን ከኋላው የሚጎተት ተሳቢ ገዝቶ የሰው መኪናና ዕቃ ከቴክሳስ ወደ ኮሎራዶ እየጫነ ሊሠራ ነው። ‹ሲዲኤል አያስፈልገኝም፣ በቤት መኪና መንጃ ፈቃድ ነው የምሠራው› ይላል። ለተሳቢው መግዣ ዘመድ እንድናዋጣለት ጠይቆናል። የሚለው እውነት ነው?»
ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

መልስ፦ ዘንድሮ ወንዙ ሽቅብ መፍሰስ ጀመረ ማለት ነው፣ ከደሴ ወደ ዳላስ። እሺ። የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ብር ከመላካችሁ በፊት ሌላውን ግማሽ ስሙ።

እውነት የሆነውን እንመልከት። የፒካፑን የሹፌር በር ክፈትና ምሶሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። ፋብሪካው ከነጭነቱ የፈቀደው ትልቁ ክብደት እዚያ ተጽፏል። ተሳቢውም አፍንጫው አካባቢ እንደዚያ ያለ ጽሑፍ አለው። ፒካፑ 10,000 ፓውንድ፣ ተሳቢው 14,000 ቢሆን ድምሩ 24,000 ነው። 26,001 አልደረሰም፤ ሲዲኤል አያስፈልገውም። ግን «ትልቅ ፒካፕ» ነው ያልከኝ። ኋላው በየጎኑ ሁለት ሁለት ጎማ ያለው ከሆነ 14,000 የተጻፈበት ሊሆን ይችላል። ያኔ ከተሳቢው ጋር 28,000 መጣ። አለቀ፣ ሲዲኤል ግዴታ ነው፤ ተሳቢው ባዶውን ቢሄድም። ምክንያቱም የሚቆጠረው በዚያን ቀን የጫነው ብቻ አይደለም፣ የተፈቀደለት ጭምር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይኼ ይሁን፦ የሁለቱንም ወረቀት ፎቶ ላክልን።

አሁን ያልነገራችሁን። የራስህን ዕቃ መጎተትና የሰው ዕቃ በገንዘብ መጎተት እዚያ ሁለት የተለያየ ዓለም ነው። ግዛት ተሻግሮ ለንግድ የሚሠራ ተሽከርካሪ ከነተሳቢው 10,001 ፓውንድ ከደረሰ ከ26,001 ርቆም ቢሆን የፌዴራሉ የሞተር አጓጓዦች ደህንነት መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ይገባል። ዲኦቲ ቁጥር ማውጣት አለበት። ቁጥሩ በመኪናው በሁለቱም ጎን ከ50 ጫማ ርቀት እንዲነበብ ሆኖ ይለጠፋል። የጤና ምርመራ ካርድ ይይዛል፣ ዕውቅና ባለው ሐኪም ተመርምሮ፣ ቢበዛ በየሁለት ዓመቱ የሚታደስ። ስንት ሰዓት እንደነዳ፣ ስንት ሰዓት እንዳረፈ ይመዘገባል። የጭነት ሚዛን ጣቢያ ሲደርስ እንደ ትልልቆቹ ጎራ ይላል።

የሰው ዕቃ በክፍያ ስለሚጭን ደግሞ ኤምሲ የሚሉት የአጓጓዥነት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው 300 ዶላር ነው፣ ይኼ ቀላሉ ነው። ከባዱ ኢንሹራንሱ ነው። በዚህ ክብደት ለሚሠራ ሰው ሕጉ የሚጠይቀው ቢያንስ 750,000 ዶላር የሚሸፍን ዋስትና ነው። የተሸከመው መኪና ራሱ ቢጎዳስ? ያ ሌላ ኢንሹራንስ ነው፣ ሥራ ሰጪዎቹ ካላዩት ጭነት አይሰጡትም። ለአዲስ አጓጓዥ የሚጠየቀው የኢንሹራንስ ክፍያ ወገብ የሚሰብር ነው፤ ሐበሻ ልጆች በዚህ ሥራ ሲወድቁ ያየሁት በሹፍርና ሳይሆን በዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ 18 ወራት ደግሞ አዲስ ገቢ ተብሎ በክትትል ሥር ነው፣ መዝገቡን መጥተው ይፈትሹታል።

ሥራው መጥፎ ነው አላልኩም። ጎበዝ ከሆነ ይበላበታል። ግን በኔ ምክር ለተሳቢ መግዣ ከማዋጣታችሁ በፊት የኢንሹራንሱን ዋጋ በጽሑፍ አምጣ በሉት። «ገና አልጠየቅኩም» ካለ ገና ሥራውን አላሰበበትም ማለት ነው። ቅር ቢለው እኔ ላይ አሳቡ።

ጥያቄ፦ «ደረቅ ሦስት መንጃ ፈቃድ አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት የጅቡቲን መስመር ሠርቻለሁ፣ በባቲ በሚሌ በጋላፊ ተሳቢ ይዤ ተመላልሻለሁ። ባለቤቴ አሜሪካ ነች፣ ሂደቱ አልቆ ግሪን ካርድ ይዤ ልሄድ ነው። እኔ የማውቀው ሥራ ይኼው ነው። መንጃ ፈቃዴን ይቀይሩልኛል ወይ? ካልሆነስ ከምን ልጀምር?»
ሹፌር፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወንድሜ፣ በቀጥታ ልንገርህ። ወደ ሲዲኤል አይቀይሩልህም። አሥራ አንድ ዓመትህ እጅህ ላይ ነው፣ ወረቀት ላይ አይደለም። እንደ አዲስ ትጀምራለህ።

መጀመሪያ የምትኖርበትን ግዛት የቤት መኪና መንጃ ፈቃድ ታወጣለህ። ግሪን ካርድ ስለያዝክ እንደ ማንኛውም ኗሪ መደበኛውን ሲዲኤል ማመልከት ትችላለህ። የጽሑፍ ፈተናውን ስታልፍ የተለማማጅ ፈቃድ ይሰጥሃል፤ እሱን ይዘህ 14 ቀን ሳይሞላ የመንዳት ፈተና አትቀመጥም። ከየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ዕውቅና ባለው ማሠልጠኛ መሠልጠን ግዴታ ነው፤ «እኔ እኮ አውቃለሁ» አይሠራም። ትልቁን ከነተሳቢው ለመንዳት በዚያው ዓይነት መኪና ትፈተናለህ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በአውቶማቲክ ማርሽ ከተፈተንክ ፈቃድህ ላይ «በእጅ የሚቀየር አይነዳም» ተብሎ ይጻፍብሃል። አንተ ዕድሜህን ሙሉ ማርሽ ስትቀይር የኖርክ ሰው ነህ፤ ማሠልጠኛ ስትመርጥ የእጅ ማርሽ መኪና አላችሁ ወይ ብለህ ጠይቅ። ግዛት ለመሻገር ዕድሜ 21 መሙላት አለበት፣ አንተን አይመለከትህም።

ዋናው እንግሊዝኛ ነው። የንግድ መኪና ሹፌር የመንገድ ምልክት ማንበብና ከፖሊስ ጋር መነጋገር እንዲችል ሕጉ ድሮም ይላል። በ2025 እ.ኤ.አ. ግን ጠበቀ፤ ከዚያ ዓመት ሰኔ መጨረሻ ጀምሮ መንገድ ላይ ተጠይቆ መነጋገር ያቃተው ሹፌር እዚያው መኪናውን እንዲያቆም ይደረጋል። ጭነቱ ይቆማል፣ ደሞዙ ይቆማል።

እና የኛ ሰው የሚወድቀው የት እንደሆነ ታውቃለህ? መሪ ላይ አይደለም። ሐረጎን በከባድ ማርሽ የወረደ ሰው የአሜሪካ ቁልቁለት አያስደነግጠውም። የሚወድቀው ከመንዳቱ በፊት ባለው የተሽከርካሪ ምርመራ ነው። ፈታኙ ወረቀት ይዞ ይከተልሃል፤ አንተ መኪናዋን እየዞርክ እያንዳንዱን ዕቃ በእጅህ እየነካህ ስሙን፣ ምን ሆኖ መገኘት እንዳለበት ትናገራለህ። ያልተሰነጠቀ፣ ያልላላ፣ የማያፈስ። የአየር ፍሬኑንም ቅደም ተከተሉን ሳትስት ትፈትሻለህ። የኛ ጋራዥ ቋንቋ ደግሞ ጣሊያንኛ ነው። ፍሬን፣ ባልስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኮፈን፣ ጎማ፣ ሁሉም ከዚያ የመጣ ነው። አንተ ባልስትራውን እያሳየህ «ባልስትራ» ብትለው ፈታኙ ዓይን ዓይንህን ያያል። ስለዚህ ቪዛህ እስኪመጣ ድረስ በነጋ በጠባ የራስህን መኪና እየዞርክ የየዕቃውን የእንግሊዝኛ ስም አጥና። ረዳትህ እንደ ፈታኝ ይጠይቅህ። ይስቅብህ፣ ግድ የለም።

ጥያቄ፦ «ለሃይሉክሴ የምትጎተት አነስተኛ ተሳቢ ኮምቦልቻ ላይ በብየዳ ላሠራ ነው። ፍየልና ሣር ከባቲ ገበያ ላመላልስባት። ወደ አፋር ክልል ብሻገር የተለየ ፈቃድ ያስፈልገኛል?»
ነጋዴ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ክልል መሻገሩን ተወው፣ መንጃ ፈቃድ በአንዱ ክልል ወጥቶ በሌላው ይሠራል። ችግርህ ከኮምቦልቻ ሳትወጣ ነው የሚጀምረው። በኛ አገር የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሳቢን ራሱን እንደ ተሽከርካሪ ነው የሚቆጥረው። የሃይሉክስህ ሊብሬ ለሷ አያገለግልም። ተመርምራ፣ ተመዝግባ፣ የራሷን ሰሌዳ ይዛ ነው መንገድ የምትወጣው። መንጃ ፈቃድህም ተሳቢ የሚያስነዳ መሆኑን አረጋግጥ፤ ያሜሪካኑ «ትንሽ ከሆነች በቤት መኪና ፈቃድ ይበቃል» የሚለው እዚህ ይሠራል ብለህ አትገምት።

በያጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ኮምቦልቻ ጎበዝ በያጅ ሞልቷል። ግን ብረቱ ከተቆረጠ በኋላ «ይኼ ልኩ አይደለም፣ መብራቱ የለም፣ መያዣው አይሆንም» ቢሉህ ገንዘብህ ቆሻሻ ብረት ሆኖ ይቀራል። ሥዕሉንና ልኩን በወረቀት ይዘህ መጀመሪያ ትራንስፖርት ቢሮ ሂድ፣ ምርመራውን ለሚሠራው ባለሙያ አሳይ፣ የሚልህን አስጽፍ። ፍየሎቹን እስከዚያ በአይሱዙ አስመጣቸው።